መቀባት መዋሸት ነውን?

ስለ ግድግዳ ደግሞ ምን ፍልስፍና ይወራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስለ ነፃነትና ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት መጻፍ ሲቻል ስለ ቀለምና ስለ ኖራ ገጽ ማባከን ምን ይሉታል? መልሴ አጭር ነው። ነፃነትንና ፍትሕን በየቀኑ በእጃችን አንነካቸውም፤ ግድግዳን ግን ተደግፈነው እናጠናለን፣ ተጠግተነው እንተኛለን፣ እርጥበቱን እንተነፍሰዋለን። ሰው ስለ እውነት ያለው አቋም የሚፈተነውም በትልልቁ ነገር ብቻ አይደለም። ማንም በማያየው፣ ነገ በቀለም በሚሸፈን ሥራ ላይም ይፈተናል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል አለ እንበል። ግድግዳው ላይ ያረጀ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ አንዳንድ ቦታ ተላቋል፣ አንዳንድ ቦታ ወይቧል፣ በአንዱ ጥግ በኩል ደግሞ እርጥበት አጥቁሮታል። በሩና መስኮቱ እንጨት ነው፤ እሱም አርጅቷል። ባለቤቱ ክፍሉን ነጭ ለማድረግ አስቧል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወረቀቱን ልጦ፣ ግድግዳውን ፍቆ፣ የታመመውን አክሞ መቀባት ነው። ሁለተኛው እንዲሁ በላዩ ላይ መቀባት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከበር ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ያው ነጭ ናቸው። ታዲያ ልዩነታቸው የሥራ ጥራት ብቻ ነው ወይስ የሥነ ምግባርም ጭምር? ከዚያም አልፎ፣ መሸፈን ራሱ፣ በደንብ ተሠራም በግዴለሽነት ተሠራ፣ መዋሸት አይደለምን?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነን የምንከራከር ይመስለኛል። አንደኛውን ወገን «ፋቂዎች» ልበላቸው። ለነዚህ ሽፋን ሁሉ ማታለል ነው። እውነት ማለት ራቁት ግድግዳ ነው፤ ስንጥቁ ይታይ፣ ሻጋታው ይታይ፣ ጭቃውም ጭቃ ይሁን ይላሉ። ማስረጃም አያጡም። ሕዝባችን ላዩ አምሮ ውስጡ ያላማረውን «ውስጡን ለቄስ» ይለዋል፤ በወንጌልም ግብዞች በኖራ በተለሰነ መቃብር ተመስለዋል።

ሁለተኛውን ወገን «ቀቢዎች» ልበላቸው። እነዚህ ደግሞ፣ «ኧረ ተዉን እባካችሁ! ሰው ራቁቱን አይሄድ፣ ግድግዳስ ለምን ራቁቱን ይቆማል? ለበዓል ቤት መቀባት፣ ለእንግዳ ፊትን መታጠብ ወግ ነው። ከሥር ያለውን ማን ጠየቃችሁ?» ይላሉ። እኔ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት የያዙ ይመስለኛል። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ከፋቂዎች ልጀምር። የአገራችንን የጭቃ ቤት እንመልከት። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ በቋሚው ላይ ይማገራል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ምርጊቱ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና እንደገና በደቀቀ ጭቃ ይለሰናል። ከዚያ በኋላ እንደ አቅሙና እንደ አገሩ ልማድ እበት ይለቀለቃል፣ ኖራ ይቀባል፣ ወይም ጋዜጣ ይለጠፋል። እንግዲህ ፋቂዎችን ልጠይቃቸው፤ ከነዚህ ሁሉ እውነተኛው ግድግዳ የቱ ነው? ኖራው ውሸት ከሆነ ልስኑም ውሸት ነው፤ ልስኑ ውሸት ከሆነ ምርጊቱም ማገሩን ሸፍኗልና ውሸት ነው። እንዲህ እየፋቅን ከሄድን በመጨረሻ የምናገኘው እውነት ሳይሆን ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት አጥር ነው። ቤት ማለት ከመጀመሪያውም ሽፋን ላይ ሽፋን ነው።

ስለ ጋዜጣው ትንሽ ልጨምር። በ1933 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን» ከተነበበ በኋላ ስንት ግድግዳ እንዳለበሰ የቆጠረ የለም። የተለጠፈ ጋዜጣ አቧራ ይከለክላል፣ ብርድ ይቀንሳል፣ ጨለማውን ክፍል ያፈካዋል፤ ፊደል ለቆጠረ ልጅም የማይዘጋ መጽሐፍ ይሆንለታል፤ ተገልብጦ የተለጠፈውን ለማንበብ አንገቱን እያጣመመም ቢሆን። ይህን ማን ውሸት ይለዋል? ጋዜጣ የለጠፈች እናት «ግድግዳዬ እብነ በረድ ነው» አላለችም። ጭቃዋን በወረቀት እንደሸፈነች የገባ ሁሉ ያያል። ስለዚህ «መሸፈን ሁሉ መዋሸት ነው» የሚለው የፋቂዎች ፍርድ በመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ይወድቃል።

ቀቢዎች በቃ ረታን እንዳይሉ ደግሞ ወደ እነሱ ልዙር። ከዚያው ጋዜጣ ጀርባ ሌላ ነገርም አለ። የዱቄት ሙጫው በረሮ ይጠራል፤ በወረቀቱና በጭቃው መካከል የተፈጠረው ክፍተት የትኋን መደበቂያ ይሆናል። ወረቀቱ ሲያረጅ ሌላ ወረቀት በላዩ፣ በዚያም ላይ ሌላ ይለጠፋል። አንድ ቀን በላዩ ላይ ቀለም ሲቀባበት ምን ይሆናል? በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም ወረቀቱን አልፎ ሙጫውን ያርሰዋል። ወረቀቱ ያብጣል፣ እንደ አረፋ ይነፋል፤ መጋጠሚያው ከቀለሙ ሥር እንደ ጠባሳ መሥመር ሆኖ ይታያል፤ የወረቀቱ አበባም ሆነ የጋዜጣው ጥቁር ቀለም በነጩ ውስጥ ዘልቆ ብቅ ሊል ይችላል። ቀለሙ የያዘው ግድግዳውን ሳይሆን ግድግዳውን የለቀቀ ወረቀት ነውና፣ ወረቀቱ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል።

ትክክለኛው ሥራ ሌላ ነው። ወረቀቱ በሞቀ ውሃ ይርሳል፤ ጊዜ ተሰጥቶት በስፓቱላ ይላጣል፤ የቀረው ሙጫ ይታጠባል፤ ግድግዳው እስኪደርቅ ይጠበቃል። የተቦረቦረው በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ በቀጠነ ቀለም አንድ ጊዜ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ይቀባል። ማንኛውንም ቀለም ቀቢ ጠይቁ፤ ልፋቱ ያለው የቀለሙ ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ነው። ግን ያ ሁሉ ልፋት አይታይም። የሦስት ቀን ሥራና የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ በመጀመሪያው ቀን አንድ ዓይነት ያበራሉ። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳያየው የሚሠራ ሥራ የሚሠራው ለማን ነው? ለተመልካች ነው ካልን አያስፈልግም፤ ተመልካቹ ነጩን አይቶ ሄዷል። የሚሠራው በክፍሉ ውስጥ ለሚኖረው ሰው ነው። ቀቢዎች የሚረሱት ይህን ሰው ነው።

ነጭ ቀለም በራሱ ንጽሕና ይመስል የሚሰበክበት ጊዜም ነበር። ታዋቂው የሕንፃ ነዳፊ ለ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ስለ ጌጥ ጥበብ በሚናገር መጽሐፉ፣ እያንዳንዱ ዜጋ መጋረጃውንና የግድግዳ ወረቀቱን አስወግዶ ግድግዳውን ሪፖሊን በተባለው ነጭ ቀለም ይቀባ ብሎ ሕግ እንደማውጣት ያህል ጽፎ ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ ቤቱ ከጸዳ በኋላ ሰውየውም ውስጡን ወደ ማጽዳት ይሄዳል የሚል ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ይኸው ሰው ሳሉብራ ለተባለ የስዊስ ኩባንያ የግድግዳ ወረቀት ቀለሞችን መርጦ አወጣ። ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ አይፈረድበትም። ይልቅ እኛን የሚነካን ሌላው ሥራው ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ለከተማችን የፕላን ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ መንግሥት አቀረበ። ንድፉ የነበረውን ሰፈርና መንገድ እንደሌለ ቆጥሮ በላዩ ላይ አዲስ መሥመር የሚያሰምር ነበር። በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ እንጂ።

ይህን ያነሣሁት ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። ነጭን ራሱን እንደ ንጽሕና የሚቆጥር አስተሳሰብ ወዴት እንደሚያደርስ ለማሳየት ነው። ነጭ ቀለም ሻጋታን አይገድልም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ንጽሕና ያለው በመታጠቡና በመፋቁ ውስጥ ነው፤ ነጩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ከሥር ያለውን አለማየት ይለምዳል። መጀመሪያ ሻጋታውን ላለማየት፣ ቀጥሎ ሰውን ላለማየት።

እንግዲህ ፋቂዎች «አላልንም ነበር?» ሊሉ ነው። ግን አሁንም አይቸኩሉ፤ መፋቅም ሁልጊዜ ጽድቅ አይደለም። ነጭ የሚባለው ቀለም ለረጅም ዘመን ከእርሳስ ይሠራ ነበር። እርሳሱ መርዝ ስለ ሆነ በዓለም የሥራ ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው ስምምነት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል ከለከለ፤ አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ አሮጌ ቀለም ያለበትን ግድግዳ በደረቁ የፋቀ ሰው ምን ያደርጋል? ታስሮ የኖረውን መርዝ አቧራ አድርጎ ለልጆች ሳንባና ሆድ ይለቀዋል። አሮጌው ቀለም ካልተላጠና ካልተሰነጠቀ በላዩ ላይ ደህና አድርጎ መቀባት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቁስል ሁሉ በማከክ አይድንም። ባልንጀራውን «እውነቱን ልንገርህ» ብሎ በሰው ፊት የሚቧጥጥ ሰውም እንዲሁ ነው፤ እውነት ተናገረ እንጂ አቧራው ማን ላይ እንደሚያርፍ አላሰበም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በቁስጥንጥንያ የምትገኘው ሐጊያ ሶፊያ እ.ኤ.አ. በ1453 መስጊድ ከሆነች በኋላ በግድግዳዋ ላይ የነበሩት የሞዛይክ ሥዕሎች በጊዜ ብዛት በልስን ተሸፈኑ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1849፣ ፎሳቲ የተባሉ ወንድማማች የሕንፃ ባለሙያዎች ሕንፃውን ሲያድሱ ሥዕሎቹን ገልጠው አዩ፤ ንድፋቸውን መዘገቡና መልሰው ሸፈኗቸው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ቶማስ ዊትሞር የተባለ አሜሪካዊና ባልደረቦቹ ልስኑን በጥንቃቄ እያነሡ እንደገና ለዓይን አበቋቸው። የጠፋው ብዙ ነው፤ የተረፈው ግን ከሽፋኑ ሥር የተረፈ ነው። እንግዲህ ያ ልስን ምን ነበር? ደባቂ ነው ቢሉት እውነት ነው፤ ጠባቂ ነው ቢሉትም እውነት ነው። አንድ ዓይነት ልስን በአንድ ግድግዳ ላይ ክህደት፣ በሌላው ላይ አደራ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ነገሩ ያለው በመሸፈንና በመግለጥ መካከል አይደለም። ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን። ለዚህ ሁለት የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይረዱናል። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን እ.ኤ.አ. በ1849 ባወጣው «ሰባቱ የሥነ ሕንፃ መብራቶች» በተባለው መጽሐፉ ስለ እውነት ሲያትት፣ ጡብን ለስኖ ድንጋይ እንዲመስል መሥመር ማስመርን ውሸት ይለዋል፤ ጡብን ለስኖ ሥዕል መሳልን ግን ውሸት አይለውም። በሕንፃ ላይ የሚቀባ የወርቅ ቅብም ማንም ሰው ጠንካራ ወርቅ ነው ብሎ ስለማያስበው ማታለል አይደለም ይላል፤ በጌጥ ላይ ሲሆን ግን ያታልላል። የቪየናው አዶልፍ ሎስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ይህንኑ አጥብቆ ተናገረው፦ ሽፋን ከሸፈነው ነገር ጋር መምታታት የለበትም። ስለዚህ እንጨት በፈለጉት ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ በአንድ ቀለም ግን አይቻልም። ያም የእንጨት ቀለም ነው!

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የባሕር ዛፍ በር ነጭ ወይም ሰማያዊ ተቀብቶ ቢቆም ማንንም አላታለለም። ያው የባሕር ዛፍ በር ዋንዛ መስሎ እንዲሸጥ የዋንዛ ቀለምና መሥመር ቢሣልበት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለሙ ያው ቀለም፣ ብሩሹም ያው ብሩሽ ነው። የመጀመሪያው «ተቀብቻለሁ» ይላል፤ ሁለተኛው «አልተቀባሁም» ይላል። ውሸቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሸፈን ውሸት አይደለም፤ መሸፈንን መሸፈን ነው ውሸቱ።

እንጨትን ነጭ የማድረግ ጥበብ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንዳንድ ባለሙያ ነጩን ቀለም በውሃ አቅጥኖ ይቀባና ሳይደርቅ በጨርቅ ይጠርገዋል። ነጩ ይቀራል፤ የእንጨቱ መሥመርም ከሥሩ ይታያል። በሩ ነጭ ነው፣ እንጨትነቱም አልተካደም። ሌላው ደግሞ ወፍራም ቀለም ደርቦ ደርቦ ይደፍነዋል። ይህም አይነወርም፤ ግን እንደ ጥድ ያለ ሙጫ የሚያወጣ እንጨት ከሆነ ጉጡን አስቀድሞ በጎመላካ ማሸግ አለበት። ይህን ካልሠራ ውሎ አድሮ ሙጫው ነጩን አልፎ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሕዝቡ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲል እንዲህ ያለውን በር ያየ ይመስለኛል።

ተሸፍኖ መኖርን በክብር የያዘ ምሳሌ ከፈለግን ደግሞ ላሊበላ እንሂድ። በቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ዓምድ አለ። ያለፈውና የሚመጣው ተጽፎበታል ተብሎ ይነገራል። ጨርቁን ያየ ሰው ሁሉ ከሥሩ አንድ ነገር እንዳለና እንዳያየው እንደተደረገ ያውቃል። ይህ ሽፋን ማንንም አላታለለም፤ «እዚህ ጋ የተሸፈነ አለ» ብሎ በግልጽ ይናገራል። የዶርማችንንም ግድግዳ እናስበው። ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ስማቸውን፣ ግጥማቸውን፣ የፈተና ቀን ቆጠራቸውን ጽፈውበታል፤ ቀለም ይቀባበትና አዲስ ገቢ በንጹሕ ግድግዳ ይጀምራል። ከሥሩ ጽሑፍ እንዳለ ማንም ያውቃል፤ በመሸፈኑ የታመመም የተዘረፈም የለም። ሰውም ቢሆን ያለፈ ሐዘኑን ሁሉ ለመጣው ሁሉ የመግለጥ ግዴታ የለበትም። ምሥጢርና ውሸት አንድ አይደሉም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተመልካቹ ነው። ስለ ግድግዳው ስለ ራሱም ማሰብ ይገባል፤ ሽፋን ሁሉ ለሸፈነው ነገር እኩል አይደለምና። ኖራን እንውሰድ። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይሟሟል፤ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው የግድግዳው እርጥበት በውስጡ እያለፈ ይወጣል፤ እንደ ተቀባም ባሕርዩ ለሻጋታ አይመችም። የእኛ ሰው ቤቱን በኖራ ሲቀባ ነጭነቱን ብቻ ፈልጎ አልነበረም።

አሁን ያንኑ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ብንለስነው ወይም እንደ ላስቲክ በሚዘጋ ቀለም ብንደፍነውስ? ላዩ ይጠነክራል፣ ያብረቀርቃል። ከመሠረት የሚወጣው እርጥበት ግን መውጫ ያጣል። ጭቃው ከጀርባ ይላላል፤ አንድ ቀን ጠንካራው ልስን እንደ ቅርፊት ተገንጥሎ ይወርዳል። በጎንደር የፋሲል ግቢም ኢጣሊያኖች በያዙበት ዘመን በሲሚንቶ የታደሱ ክፍሎች በኋላ በኖራ እንዲተኩ የተደረገው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው፤ አሮጌ ግድግዳ መተንፈስ ይፈልጋል። ስለዚህ ሽፋንን የምንመዝንበት ሁለተኛ ነገር ይህ ነው፦ የተሸፈነው ነገር ከሥሩ ይተነፍሳል ወይስ ታፍኖ ይበሰብሳል? ይህ ጥያቄ ለሰውም ይሠራል። ሐዘኑን በጨዋታ የሚሸፍን ጓደኛ አለን፤ ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ብቻውን ሲሆን የሚናገር ከሆነ ሽፋኑ ኖራ ነው። ለማንም የማይናገር፣ ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን እንፍራለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፤ የሽፋኑን ዋጋ ማን ይከፍላል? አንድ ተማሪ ክፍል ሊከራይ ይመጣል እንበል። «እትዬ፣ ይሄ ጥግ እርጥበት አለው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሴትዮዋም፣ «አይ የኔ ልጅ! ቀለሙ እኮ ገና ትናንት ነው የተቀባው፤ እየው እስቲ እንዴት እንደሚያበራ!» ይላሉ። ልብ በሉ፤ ቀለሙ በእርግጥም ትናንት ነው የተቀባው። እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ተናግረዋል። ግን እውነቱን የላኩት የውሸት ሥራ እንዲሠራ ነው። ልጁ የሦስት ወር ኪራይ ይከፍላል፤ ሐምሌ ሲገባ ጥጉ ይጠቁራል፤ ፍራሹ ይሸታል፤ ሳል ይጀምረዋል። የቀለሙን ዋጋ ሴትዮዋ ከፈሉ፤ የእርጥበቱን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። ሕጋችንም ይህን አይስተውም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704 በተንኮል ተታሎ የተዋዋለ ሰው ውሉን ማፍረስ የሚችልበትን መንገድ አስቀምጧል። ነገር ግን ስንቱ ተማሪ ነው ስለ አንዲት ክፍል ጥግ ፍርድ ቤት የሚቆም?

እዚህ ላይ ቀቢዎች ከባድ መከራከሪያ ያነሣሉ፤ ልናልፈው አይገባም። «እኚህ ሴት መተዳደሪያቸው ያቺ አንዲት ክፍል ብትሆንስ? ጣሪያውን ለማስጠገን፣ መሠረቱን ለማድረቅ ከየት ያምጡ? እውነቱን ከተናገሩ ማን ይከራያቸዋል?» ይላሉ። ድህነታቸው እውነት ነው። ጣሪያውን ባለማስጠገናቸው አልፈርድባቸውም። ግን ተከራዩም ድሃ ነው፤ የሳንባ መለዋወጫ የለውም። ድሃ ድህነቱን በሌላ ድሃ ላይ ደብቆ ማሻገር የለበትም። ደግሞም የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ጥግ ክረምት ላይ ያረጥባል፤ አልጋህን በዚያ በኩል አድርግ፤ ኪራዩንም ለዚሁ ብዬ ነው የቀነስኩት።» ይህ ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም ይረክሳል። ከዚህ በኋላ ግድግዳውን እንደፈለጉ ነጭ ቢያደርጉት ማንም ውሸታም አይላቸውም።

ፍርዱን ግን በአከራይ ላይ ብቻ ጭነን እንዳንሄድ። እኛ ተከራዮችስ? ሁለት ክፍል እናያለን። አንዷ ያልተቀባች፣ ስንጥቋ የሚታይ፣ ባለቤቷም ጉድለቷን የሚናገርላት ናት። ሌላዋ ነጭ ናት፤ ስለ እሷ ማንም ምንም አይናገርም። የትኛዋን እንይዛለን? አብዛኞቻችን ነጯን። እውነት የተናገረውን ሰው ባዶ ክፍል አሳቅፈነው እንሄዳለን፤ እሱም በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን ይማራል። ውሸት ገበያ የሚያገኘው ከሻጩ ብልጠት ብቻ አይደለም፤ ከገዢው ምኞትም ነው። በጓደኝነትም፣ በፍቅርም፣ በጥናት ቡድናችን ውስጥም እንዲሁ ነን። ጉድለቱን የሚናገረውን እንሸሻለን፤ ያማረ ገጽ ያሳየንን እንጠጋለን፤ ሲላጥ «ተታለልን» እንላለን።

በዚህ ሁሉ ላይ የቆየ ፍርድ አለ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈውን ሥርዐት ያነበበ ሰው ያስታውሰዋል። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚናገረው የቤቱ ጌታ ራሱ ነው፤ ሄዶ ለካህኑ ያስታውቃል። ቤቱ ባዶ ይደረጋል፣ ይታያል፣ ሰባት ቀን ይዘጋል። ምልክቱ ከሰፋ የታመመው ድንጋይ ይወጣል፤ የቤቱ ውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይተካል፣ ይለሰናል። ደዌው ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል፤ ካልተመለሰ ግን ቤቱ ንጹሕ ነው ይባላል። እንግዲህ ፋቂዎች ይህን ይዩ፤ ሕጉ ልስንን አልጠላም፣ ከተለሰነ በኋላ ንጹሕ ብሎታል። ቀቢዎችም ይህን ይዩ፤ ልስኑ የመጣው ከመናገር፣ ከመመርመርና ከመፋቅ በኋላ ነው። ደግሞም ማፍረስ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። እኛ የዛሬ ልጆች ወይ በላዩ ላይ እንቀባለን፣ ወይ በአንድ ጊዜ ይፍረስ እንላለን፤ በመካከል ያለው የሰባት ቀን ትዕግሥት አድካሚ ሆኖብናል።

እንግዲህ ጥያቄውን ልመልስ። መቀባት መዋሸት ነውን? በራሱ አይደለም። ቅብ ውሸት የሚሆነው ከሥሩ ያለውን ጉዳት ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዲሸከመው ሲደረግ ነው። ስለዚህ ብሩሽ የያዘ ሰው ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከዚህ ክፍል ነገ ለሚገባው ሰው ከሥር ያለውን ልነግረው እችላለሁ? የሸፈንኩት ነገር ከሥሩ ይተነፍሳል? ሽፋኑ ቢላጥ ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው? ሦስቱንም ያለ ሐፍረት ከመለሰ ይቀባ፤ ነጭ ግድግዳ ደስ ይላል፣ ሰውም በተቀባ ቤት የመኖር መብት አለው።

ብዙዎቻችን ከዚህ ግቢ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሌሎች የተዉትን ግድግዳ እንረከባለን፤ አብዛኛውም ተደራርቦ የተቀባ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ነጭ አድርጎ ማሳየት ቀላል ነው፣ ያስመሰግናልም። ቀለም ቀቢዎች የሚያደርጉትን እናድርግ። ቆርቆሮውን ከመክፈታችን በፊት ግድግዳውን በጣታችን መታ መታ እናድርገው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥራው ገና አልተጀመረም።